አባስ ወይስ ባርጉቲ? የፍልስጤም ፕሬዝዳንት እጩዎችን በምን እንመዝናቸው

የፍልስጤም ፖለቲካ ላይ ክርክር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምንድነው፣ አንዱ ተነስቶ "እከሌ እኮ ለዘብተኛ ነው" ይላል፣ ሌላው ደግሞ "ኸረ እሱ የተሸጠ ነው፣ ታጋዩ እንትና ነው" ይላል፣ ከዛ በኋላ በቃ መደማመጥ የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ጠቡ የሚመጣው ሰዎቹን በማይለያዩበት ነገር ለመለየት ስለምንሞክር ነው። ግባቸውን ካያችሁ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነገር ነው የሚሉት፣ የ1967ቱ ድንበር፣ ምስራቅ ኢየሩሳሌም ዋና ከተማ፣ ስደተኞች ይመለሱ፣ እስረኞች ይፈቱ፣ ሰፈራ ይቁም። በዚህ ልመዝናቸው ካላችሁ እጣ ብታወጡ ይሻላል። የሚለያዩት መንገዱ ላይ ነው፣ መሳሪያ የያዘው ማንን ይሰማል፣ የውጪ በር ለማን ይከፈታል፣ ቤቱን ማን ያጸዳል፣ እና ማንም የማያነሳት አራተኛዋ ጥያቄ፣ ሰውዬው ከወንበሩ እንዴት ይወርዳል።

ለማነጻጸር የምወስደው የ2005ቱን ምርጫ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ለምን እሱን ካላችሁኝ ከሱ በኋላ ሌላ የፕሬዝዳንት ምርጫ ስላልተደረገ። የ1996ቱ ደግሞ ውድድር ለማለት ይከብዳል፣ አራፋት 88 በመቶ አካባቢ ወሰደው፣ ብቸኛዋ ተፎካካሪ ሳሚሃ ኸሊል የምትባል አል ቢሬ ላይ ቤተሰብን የሚረዳ በጎ አድራጎት ማህበር ያቋቋመች ጠንካራ ሴት ነበረች። ያኔ አራፋትን ፊት ለፊት መግጠሟ ራሱ ወኔ ነው፣ ውጤቱ ግን ሳይቆጠር ያለቀ ነበር።

አራፋት ኖቬምበር 11 ቀን 2004 ፓሪስ አጠገብ ባለ ወታደራዊ ሆስፒታል ሞተ፣ በህጉ መሰረት የፓርላማው አፈ ጉባኤ ረውሂ ፈቱህ ለ60 ቀን ጊዜያዊ ፕሬዝዳንት ሆነ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 ምርጫ ተደረገ። 7 እጩ ቀረበ፣ ሃማስና እስላማዊ ጂሃድ የሚባሉት ታጣቂ ቡድኖች ግን አንገባም አሉ። እውነተኛው ፉክክር በሁለት ሰው መሃል ነበር፣ የአራፋት ፓርቲ የሆነው የፋታሁ ማህሙድ አባስ (አቡ ማዜን) እና በግል የቀረበው ዶክተር ሙስጠፋ ባርጉቲ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ባርጉቲ ሁለት ነው። ሙስጠፋ ሃኪሙ ነው፣ እስር ቤት ያለው ማርዋን ሌላ ሰው ነው፣ የሩቅ ዘመድ ናቸው። እነዚህን ሁለት ሰዎች አምታትቶ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚከራከር ሰው አይቻለሁ፣ ስለዚህ ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት "የትኛው ባርጉቲ?" በሉ። ማርዋን ጋ እመለሳለሁ።

አባስ በ1935 ሰፈድ ተወለደ፣ በ1948 ቤተሰቡ ተሰዶ ሶሪያ አደገ፣ የፋታህ መስራች ትውልድ ነው። ሙስጠፋ በ1954 ኢየሩሳሌም የተወለደ፣ በ1979 የህክምና እርዳታ ኮሚቴዎችን ያቋቋመ፣ በ2002 ደግሞ ከኤድዋርድ ሰኢድና ከሃይደር አብደልሻፊ ጋር "ብሄራዊ ተነሳሽነት" የሚባለውን ንቅናቄ የመሰረተ ሰው ነው። የሚገርመው ሁለቱም ሞስኮ ነው የተማሩት፣ አንዱ ዶክትሬቱን ሌላው ህክምናውን፣ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቭየት የተላኩት አባቶቻችን ጋር አንድ ዶርም ሊሆኑ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

እሺ ወደ ሚዛኑ። መሳሪያ የያዘው ማንን ይሰማል የሚለው የመጀመሪያው ነው፣ እኔ ረዥም ጊዜ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው ምክንያቱም ያኔ ሁለተኛው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያኑ አመጽ) ገና አላለቀም፣ በየከተማው ማንም ለማንም የማይታዘዝ ታጣቂ ነበር። አባስ ከምርጫው በፊት ዲሴምበር ላይ ለአረብ ጋዜጣ በሰጠው ኢንተርቪው ኢንቲፋዳው ውስጥ መሳሪያ መግባቱ ስህተት ነው አለ፣ በግልጽ። እንደዛ ብሎ ደግሞ ጄኒን ሲሄድ ለፋታህ ቅርብ የሆነው ታጣቂ ቡድን የአል አቅሳ ብርጌድ መሪ ዘካሪያ ዙበይዲ ትከሻ ላይ ተሸክመውት ታየ። ምርጫው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ቤት ላሂያ ጋዛ ውስጥ የእስራኤል ታንክ የተኮሰው ጥይት እንጆሪ ማሳ ላይ 7 ሰው ሲገድል፣ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፣ አባስ "የጽዮናዊው ጠላት" ብሎ ተናገረ፣ ዋሽንግተንም እየሩሳሌምም ደነገጡ፣ "ለዘብተኛ ያልነው ሰውዬ ይሄ ነው እንዴ" ተባለ።

ብዙ ሰው ይሄን ሁለት ምላስ ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ አይመስለኝም። ሰውዬው ታጣቂውን በጉልበት ማስፈታት እንደማይችል ያውቅ ነበር፣ በ2003 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሞክሮት የጸጥታ ሃይሉን አራፋት አልሰጥም ስላለው በአራት ወር ገደማ ውስጥ ጥሎ ወጥቷል፣ ስለዚህ አሁን ያሰበው በማግባባት ነው፣ አንተ ትከሻህ ላይ ተሸከመኝ እኔ ደግሞ አሳልፌ አልሰጥህም፣ በቃ ተኩስ አቁም። እና ለጊዜውም ቢሆን ሰርቶለታል፣ ፌብሩዋሪ 8 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ከእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሻሮን ጋር ተገናኝቶ ግጭቱ እንዲቆም አወጁ፣ ማርች ላይ ደግሞ ካይሮ ውስጥ ሃማስን ጨምሮ ቡድኖቹ እስከ አመቱ መጨረሻ ለመረጋጋት ተስማሙ። ሙስጠፋ ይሄንን ማድረግ ይችል ነበር? ንግግሩ ያማረ ነው፣ ያለ መሳሪያ ህዝባዊ ተቃውሞ ነው የሚለው፣ እሱ ራሱ ሰልፍ ላይ ከፊት የሚገኝ ሰው ነው፣ ግን መሳሪያ የያዘው አንድም ልጅ የሱን ስልክ የማንሳት ግዴታ የለበትም። ህዝባዊ ግንባር የሚባለው የግራ ቡድን ድጋፍ ሰጥቶታል፣ እሱም ቢሆን በራሱ ምክንያት ነው እንጂ ሙስጠፋ ስለሚያዘው አይደለም። በዚህኛው አባስ ያሸንፋል፣ ብዙም አያከራክርም።

የውጪ በር ላይም አባስ ይቀድማል ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1993 ዋይት ሃውስ ሳር ላይ ከእስራኤል ጋር የተደረገውን የኦስሎ ስምምነት የፈረመው እሱ ነው፣ ሁላችንም የምናስታውሰው የአራፋትና የራቢንን መጨባበጥ ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው የፈረሙት እሱና ሺሞን ፔሬዝ ናቸው። ቡሽ በ2002 ፍልስጤማውያን አዲስ መሪ ያምጡ ካለ በኋላ ዓለም ሲጠብቅ የነበረው እሱን ነበር። እና በሩ ተከፈተለት። ከገባ በኋላ ግን ምን ይዞ ወጣ? ሻሮን በዛው አመት ከጋዛ ሲወጣ ከአባስ ጋር ተደራድሮ ሳይሆን በራሱ ውሳኔ ነው የወጣው፣ ስለዚህ ሃማስ ተነስቶ "ያስወጣናቸው እኛ በመሳሪያ ነው፣ ድርድር ምን አመጣ?" ሲል አባስ የሚመልሰው አልነበረውም። በር የሚከፈትለት ሰውና እጁ ላይ የሚሰጡት ሰው አንድ አይደለም፣ እጩ ስታወዳድሩ ሁለቱን ለዩዋቸው።

ሙስጠፋ በሌላ በኩል የኦስሎን አካሄድ ከመጀመሪያው ሲተች የነበረ ነው፣ ቁርጥራጭ ጊዜያዊ ስምምነት ይብቃን የሚል። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ የውጪ ቲቪ ላይ ማንም አይረታውም፣ ግን በካምፔይኑ ወቅት ኢየሩሳሌም ውስጥ የእስራኤል ፖሊስ ይዞታል፣ ቼክፖይንት ላይም ተንገላቷል። ለደጋፊዎቹ ይሄ ራሱ ሰርተፊኬት ነው፣ ነገር ግን ገና እጩ ሆኖ ማለፍ የተከለከለ ሰው ፕሬዝዳንት ሲሆን እንዴት ያልፋል የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው።

ቤቱን ማን ያጸዳል በሚለው ሙስጠፋ በሰፊው ይበልጣል። የካምፔይኑ እምብርት ሙስናና የህግ የበላይነት ነበር፣ ከፋታህ ውጪ ስለነበር ማንንም አይፈራም። አባስ በግሉ ምንም ይሁን ምን ጀርባው ላይ ሙሉ ፋታህን ተሸክሞ ነው የመጣው፣ አራፋት በደሞዝ፣ በዘመድና በጸጥታ መስሪያ ቤት ያቆመውን ሲስተም። ሰው ይሄ እንዳልዋጠለት በአንድ አመት ውስጥ ታየ፣ በ2006 የፓርላማ ምርጫ ሃማስ ከ132 ወንበር 74 ወሰደ ፋታህ 45። ያን ሁሉ ድምጽ ሰዎች ለሃማስ የሰጡት ሃይማኖተኛ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፣ ፋታህን ለመቅጣትም ነው። ግን ሙስጠፋን እንዳናጋንነው፣ በዛው ምርጫ የሱ ሊስት ያገኘው 2 ወንበር ነው። ክሊኒክ በደንብ ማስተዳደር ትልቅ ነገር ነው፣ በየወሩ ለብዙ አስር ሺ ሰው ደሞዝ መክፈል ያለበት፣ ገቢው ደግሞ በአብዛኛው በእስራኤል እጅ የሚሰበሰብ ቀረጥና የለጋሽ ገንዘብ የሆነ መንግስት ማስተዳደር ግን ሌላ ነው፣ እሱን ሲያደርግ አላየነውም።

አራተኛዋ። በ2005 ሁሉም ሲከራከር የነበረው ማን ይገባል እያለ ነው፣ እንዴት ይወጣል ብሎ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። የፕሬዝዳንቱ ዘመን 4 አመት ነው፣ የአባስ ጃንዋሪ 2009 አለቀ። መጀመሪያ ከፓርላማው ጋር እናገናኘው ተብሎ አንድ አመት ተጨመረ፣ ከዛ በ2009 መጨረሻ የፒኤልኦ (የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት) ማእከላዊ ምክር ቤት ምርጫ እስኪደረግ ይቀጥል አለ፣ በ2021 ደግሞ ራሱ አባስ ለጁላይ 31 የፕሬዝዳንት ምርጫ ጠርቶ ኤፕሪል 29 ላይ ኢየሩሳሌም ውስጥ ድምጽ መስጠት ካልተፈቀደ አይሆንም ብሎ አራዘመው። ይሄን ሁሉ በሰውዬው ክፋት ብቻ አትተርጉሙት፣ በ2007 ሃማስ ጋዛን በጉልበት ከያዘ በኋላ ምርጫ ማድረግ የምር ከባድ ነው። ግን ስታስቡት ፕሬዝዳንቱን ሊያስወርድ የሚችል ምን አለ? ፓርላማው ከ2007 ጀምሮ አልተሰበሰበም፣ በ2018 ህገ መንግስት ፍርድ ቤቱ በተነው። በ2003 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ "ስልጣን ይከፈል፣ ጸጥታው ለመንግስት ይሰጥ" ሲል የነበረው አባስ፣ ፕሬዝዳንት ሆኖ የሃማሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃኒያ በ2006 ሲመጣበት በተራው ጸጥታውን አልሰጥም ያለው እሱ ነው። ለዚህ ነው ሰውዬውን ብቻ ሳይሆን ወንበሩንም መዝኑ የምለው። ሙስጠፋ ቢሆን ይለቅ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ከኋላው ሰራዊትም ሙሉ ፓርቲም ስለሌለው መቆየት የሚችልበት መንገድ ራሱ ያንስ ነበር ነው መልሴ፣ የሰውዬው ቅንነት ላይ ሳልወራረድ።

የቀሩትን አምስቱን በአጭሩ ልለፍ። ተይሲር ኻሊድ የዴሞክራቲክ ግንባሩ ነው፣ ባሳም አል ሳልሂ ድሮ ኮሚኒስት ከነበረው የህዝብ ፓርቲ ነው፣ ሁለቱም ከሙስጠፋ ጋር ተመሳሳይ መራጭ ላይ ነው የተሻሙት እና ግራው አንድ እጩ ማቅረብ አቅቶት ድምጹን ለሶስት በትኖታል፣ ይሄ በሽታ ለኛም እንግዳ አይደለም። አብዱልከሪም ሹበይር የጋዛ ጠበቃ ነው፣ ሰኢድ በረካ ወደ እስላማዊው ጎን የሚጠጋ፣ ሁለቱም 2 በመቶ እንኳን አልደረሱም። አብዱልሃሊም አል አሽቀር ግን ለየት ይላል፣ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፣ ስለ ሃማስ ለመመስከር እምቢ ብሎ ሀበሻ በሞላባት ቨርጂኒያ ቤቱ ውስጥ የቁም እስር ላይ ሆኖ ነው የተወዳደረው። ራማላህን ሳይረግጥ 2.8 በመቶ አካባቢ አገኘ፣ ሀገሩ ውስጥ እየዞረ ሲቀሰቅስ ከከረመው ከሳልሂ በለጠ።

ማርዋን ባርጉቲ ደግሞ ካርዱ ላይ ስሙ ሳይኖር ምርጫውን ያጠላበት ሰው ነው። የፋታህ ወጣት ትውልድ መሪ፣ ከኤፕሪል 2002 ጀምሮ እስራኤል እስር ቤት ነው፣ በ2004 አምስት የእድሜ ልክና 40 አመት ተፈርዶበታል፣ ፍርድ ቤቱን አላውቀውም ብሎ አልተከራከረም። ዲሴምበር 2004 መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ፈድዋ ሄዳ እጩ አድርጋ አስመዘገበችው፣ ፖሎች ላይ ከአባስ ጋር አንገት ለአንገት ሆነ፣ ፋታህ ውስጥ ትርምስ ተነሳ፣ ከሁለት ሳምንት ሳይሞላ ራሱን አገለለ። በኔ አራት ጥያቄ ማርዋንን ብትመዝኑት ታጣቂው ይሰማዋል፣ ሃማስም ያከብረዋል (በ2006 ከሃማስ እስረኞች ጋር ሆኖ የጋራ ሰነድ አውጥቷል)፣ እብራይስጥ ይናገራል፣ ግን የውጪው በር ለሱ የሚከፈተው በመጀመሪያ የእስር ቤቱ በር ሲከፈት ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ከሌላኛው ወገን ታዩታላችሁ፣ አምስት ሰው በመግደል የተፈረደበት ሰው ነው፣ ለሞቱት ቤተሰቦች ይሄ የፖለቲካ ክርክር አይደለም፣ እሱንም ሚዛኑ ላይ አስቀምጡት።

ውጤቱ፣ 800 ሺ አካባቢ ሰው ድምጽ ሰጠ፣ አባስ 62.5 በመቶ፣ ሙስጠፋ 19.5። ምርጫው ባጠቃላይ ጥሩ ነበር ነው የተባለው፣ ጂሚ ካርተርም የአውሮፓ ህብረት ታዛቢዎችም ነበሩ፣ ግን በእለቱ ሰው አነስ ሲል ጊዜ ድምጽ መስጫው በ2 ሰዓት ተራዘመ፣ ከዛ 46 የምርጫ ኮሚሽን ሰዎች ጫና ተደረገብን ብለው ስራቸውን ለቀቁ። አባስ ያለዚህም ያሸንፍ ነበር፣ ለምን አስፈለገ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ምስራቅ ኢየሩሳሌም ላይ የነበረው ደግሞ ለየት ያለ ነው። ዴር ሱልጣን ለመሳለም የሄደ ሰው የደማስቆ በርን ያውቃታል፣ ከዛ ትንሽ ወጣ ብሎ ሳላሃዲን መንገድ ላይ የእስራኤል ፖስታ ቤት አለ፣ ድምጽ የሚሰጠው እሱና እሱን በመሰሉ ጥቂት ፖስታ ቤቶች ነው። መራጩ ወረቀቱን ለፖስታ ቤቱ ሰራተኛ ይሰጣል፣ ሰራተኛው ይከተዋል፣ በዚህ መንገድ እስራኤል "እዚህ ምርጫ አልተደረገም፣ ፖስታ ነው የተላከው" ማለት ትችላለች፣ ፍልስጤሞች ደግሞ "ኢየሩሳሌም መርጣለች" ማለት ይችላሉ። የ2021ዱ ምርጫ የተራዘመው በዚች ፖስታ ቤት ምክንያት ነው ተብሎ ነው፣ አባስ ሽንፈት ስለፈራ ነው የሚሉም ሞልተዋል፣ እኔ ሁለቱም አሉበት ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ያኔ ማርዋንና የአራፋት የእህት ልጅ ናስር አል ቁድዋ ተጣምረው ለፓርላማው ምርጫ ከፋታህ የተለየ ሊስት አቅርበው ነበር፣ ከፋታህ የተባረረው የቀድሞው የጋዛ ጸጥታ ሹም ሙሃመድ ዳህላንም ከአቡዳቢ ሆኖ የሚደግፈው ሊስት ነበረው፣ ፋታህ ለሶስት ተከፍሎ ሃማስን መግጠም ማለት ነው።

እና ማንን ትመርጣላችሁ? የምትፈልጉት ቶሎ ተኩስ እንዲቆምና ለጋሽ ገንዘብ እንዲለቅ ከሆነ በ2005 አባስ ትክክለኛው ሰው ነበር፣ ይሄን ሳላመነታ እላለሁ። የምትፈልጉት ከአራት አመት በኋላ የሚጠየቅ መንግስት ከሆነ ግን ለሙስጠፋ የተሰጠ ድምጽ ባያሸንፍም የባከነ አልነበረም፣ እንደውም 19.5ቱ 35 ቢሆን ኖሮ ፋታህ በ2006 እንደዛ ከመዋረዱ በፊት ይነቃ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔ ብሆን ለሙስጠፋ ነበር የምሰጠው፣ አባስ እንደሚያሸንፍ እያወቅኩ።

አሁን የሚነሱት ስሞች ላይም ይሄው ሚዛን ይሰራል። ኦክቶበር 2025 ላይ አባስ ባወጣው ውሳኔ ወንበሩ ክፍት ከሆነ ለ90 ቀን ጊዜያዊ ፕሬዝዳንት የሚሆነው ምክትሉ ሁሴን አል ሼክ ነው፣ ከሱ በፊት ኖቬምበር 2024 ላይ ለዛው ቦታ ተጽፎ የነበረው ማን መሰላችሁ፣ ያው የ2004ቱ ረውሂ ፈቱህ። አል ሼክ ለአመታት ከእስራኤል ጋር የሲቪል ጉዳዮችን ሲያስተባብር የኖረ ነው፣ በር ለሱ ይከፈታል፣ መንገድ ላይ ያለው ወጣት ግን አይሰማውም። ማርዋን ግልባጩ ነው፣ በኦክቶበር 2025ቱ የእስረኛ ልውውጥ እንኳን ስሙ ተነስቶ አልተፈታም። ዳህላን ገንዘብና የኤምሬት በር አለው፣ ጋዛ ካን ዩኒስ የተወለደ መሆኑም ይጠቅመዋል፣ ቤት ማጽዳት ላይ ግን ጋዛ በሃማስ እጅ የወደቀችበት የ2007ቱ ሽንፈት የማን ነው ስትሉ መጀመሪያ የሚጠራው ስም የሱ ነው። ሙስጠፋም አለ፣ 70ውን አልፎ አሁንም ቲቪ ላይ ነው። አራተኛዋን ጥያቄ ግን ለአራቱም ጠይቋቸው፣ ፓርላማው ከሱ ምርጫ በፊት ይመረጥ ወይስ በኋላ? በኋላ የሚል ካለ እኔ ስሙ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።